ሳጥኖቹን አትግዛ

ጎንደር፣ ግንቦት 12

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤታቸው ቡና ጠጥተን ስምህን ስናነሣ ዋልን።

መልእክትህ ደርሶኛል። ሂማላያን የምትባለውን ሞተርሳይክል ገዛሁ፣ ከመስቀል በኋላ ወደ ጎንደር እመጣለሁ፣ ዕቃ ላሟላላት ስለሆነ ዝርዝሩን እይልኝ ብለሃል። እንኳን ደስ ያለህ! የዝርዝሩን መጀመሪያ ሳይ ግን ደነገጥሁ። "ለአንተ እንደላክሁልህ ያሉ የአሉሚኒየም ሳጥኖች" ይላል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ያልሁህ በእነዚያ ሳጥኖች ምክንያት ነው። ያስቀየምኸኝ ነገር የለም። ዛሬ ልንገርህ።

ሳጥኖቹን በሆንዳዬ ግራና ቀኝ አስሬ ወደ መካነ ብርሃን ስሄድ ነበር። ወሩ ሰኔ ነው። ደባርቅን፣ ከዚያም ሳንቃበርን አለፍሁ። ጠጠሩ በዝናብ ርሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ፍጥነቴ ከእግረኛ ብዙ አይበልጥም። የፊት ጎማው ሲከዳኝ ሞተሩን ልደግፍ ግራ እግሬን መሬት ላይ ተከልሁ። ሞተሩ ግን ገና ወደፊት እየሄደ ነው። ሳጥኑ ከኋላ መጥቶ ባቴን ገፋው፤ እግሬ ከሥሩ ገብቶ ቀረ። አጥንቴ ቀው ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። የአገሬው ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መኪና እስከሚገኝበት አደረሱኝ፤ ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ቁርጭምጭሚቴ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። አምስት ወር በክራንች ሄድሁ።

እናትህን "እንዳይነግሩት" ብዬ ለመንኋቸው። አንተን አውቅሃለሁ፤ ያሰበርሁት እኔ ነኝ ብለህ እንቅልፍ ታጣለህ። ሳልነግርህ ብጽፍልህ ደግሞ መዋሸት ሆነብኝ። ዛሬ ነገ ስል ጊዜው ሄደ። አሁን ያንኑ ሳጥን ለራስህ ልትገዛ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ሳጥን ለአስፋልት ጥሩ ነው። ይቆለፋል፣ ዝናብ አያስገባም፣ ስታርፍ እንደ ጠረጴዛ ያገለግላል። ነገር ግን ሁለቱ ባዷቸውን ከነብረታቸው ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ኮረኮንች ላይ ደግሞ እግር ማውረድ አይቀርም። አንተ ውኃ የማያስገባ የሸራ ቦርሳ ግዛ። ስትወድቅ ይታጠፋል፤ እግርህን ቢያገኘው አይሰብረውም። ቢቀደድ ጫማ ሰፊ ይጠግነዋል። ማታ ማታ ፈትተህ ወደ መኝታህ አስገባው። ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) በደንብ ማራቅህን ግን አትርሳ፣ ያቃጥለዋል። ከባድ ከባዱን፣ መፍቻውንና ከመነዳሪውን፣ ከታች ወደ አንተ አስጠግተህ ጫን። ኋላ ፖርቶ መጋላው ላይ ቀላል ነገር ብቻ ይሁን፤ እዚያ ክብደት ከበዛ የፊት ጎማው መሬት መያዙን ይቀንሳል። እኔን ያንሸራተተኝ አንዱ ይሄ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደግሞስ ሂማላያን ከፋብሪካ ስትወጣ ከጻፍኸው ዕቃ ሲሶው አብሯት ነው። ባለ 411 ሲሲዋ የኋላ መጫኛ፣ መሐል መቆሚያ፣ የንፋስ መከላከያ መስታወት አላት። ታንከሯ 15 ሊትር ይይዛል። ሳትቸኩል ከነዳሃት በአንድ ሙሌት ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ከግማሽ በላይ ትደርሳለህ። ተጨማሪ የቤንዚን ጀሪካን ግራና ቀኝ አትስቀልባት። አንድ ባለ 3 ሊትር ይበቃሃል። መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን መግዛት ግድ ከሆነብህ በንጹሕ ጨርቅ አጥልለህ ቅዳ፤ ቆሻሻው ኢንጀክተሩን ይደፍነዋል።

ከሞተሯ ዕቃ ሁሉ አስቀድመህ ገንዘብህን ማዋል ያለብህ አሞርዛተሩ፣ ማለትም መንገጫገጩን የሚያበርደው ክፍል ላይ ነው። በዝርዝርህ ውስጥ ጨርሶ አላነሣኸውም። አዲስ ግዛ ማለቴ አይደለም፤ መጀመሪያ ያለውን አስተካክል። በመሐል መቆሚያው አቁመህ የኋላው ጎማ ይንጠልጠል። ከጎማው መሐል ብረት ቀጥ ብለህ ወደ ላይ መቀመጫው ሥር እስካለ አንድ ነጥብ በሜትር ለካ። ቀጥሎ ሻንጣህን ጭነህ፣ ሄልሜትህን አድርገህ ተቀመጥባትና ጓደኛህ ያንኑ እንደገና ይለካ። የሂማላያን የኋላ ጎማ 18 ሳንቲም ያህል ይንቀሳቀሳል፤ ስትቀመጥ ከዚያ ሲሶው፣ ማለትም 6 ሳንቲም ገደማ መውረድ አለበት። ብዙ ከወረደ ሞላውን አጥብቀው። አጥብቀህ አጥብቀህ አሁንም ከወረደ ጭነትህን ቀንስ፤ ለዚያም እምቢ ካለ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልግሃል። ሞተር ሲቀል ደረቱን ነፍቶ ሲጫን የሚዋኝ ከሆነ፣ የትኛውም ጌጥ አያድነውም።

ቀጥሎ ጎማ። ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆን፣ ጥርሱ ጎላ ያለ ጎማ አድርግ። የሂማላያን ጎማ ባለ ስፖክ ስለሆነ ከመነዳሪ አለው። ስለዚህ መለጠፊያ፣ ሁለት የጎማ ማውጫ ብረትና የእጅ ፓምፕ ያዝ። አንድ ጊዜ ቤትህ ግቢ ውስጥ አውጥተህ መልሰው። ሊማሊሞ ላይ መማር አያስፈልግም። አንድ ብልሃት ልንገርህ፦ መለዋወጫ የምትይዘው አንድ ከመነዳሪ ብቻ ከሆነ የፊቱን፣ ባለ 21 ኢንቹን ያዝ። ቢቸግርህ ኋላ ባለ 17 ኢንቹ ውስጥ ገብቶ ጎሚስታ ቤት ያደርስሃል። የኋላው ግን ለፊቱ አይሆንም።

የሞተሩን ጎን የሚከላከለውን ብረት ለሞተርህ ተብሎ የተሠራውን ግዛ። እዚህ አዘዞ በቱቦላሬ ይበይዱልሃል፣ እጃቸውም ጥሩ ነው። ግን ብረቱ የታሰረው ከኢንጂኑ ጋር ብቻ ከሆነ ስትወድቅ ምቱን ወደ ውስጥ ያስተላልፈዋል። ሻሲው ላይ መታሰር አለበት። የሆድ መከላከያው ከፋብሪካ የመጣው ስስ ነው፤ ኮፓው (የዘይት ቋቱ) ድንጋይ አንድ ጊዜ ከነካው ዘይትህ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወፍራም አድርግበት። የእጅ መከላከያው ደግሞ ውስጡ ብረት ያለው ይሁን። ፕላስቲኩ ብቻውን ንፋስ ይመልሳል እንጂ የፍሪሲዮን መያዣህን አያድንም።

ተጨማሪ መብራቱን ተወው። ማታ አትነዳም፣ አለቀ። ከብቱ መንገድ ላይ ይተኛል። በምትኩ ድምፁ የሚሰማ ጡሩምባ ግጠም፤ ቅዳሜ ገበያ የሚወርደውን ሰውና አህያ ስታልፍ ታመሰግነኛለህ። በሪሌና በራሱ ፊውዝ ይታሰር እንጂ በቀጥታ ከባትሪው አይቀጠል። ማርሚታም አትቀይር። በቅሎ ያስደነብራል፣ እዚህ ከፍታ ላይም ጉልበት አይሰጥህም። ቧሒት ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትሆን የማንኛችንም ሞተር ከባሕር ጠለል ጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። አየሩ ስስ ነው፤ ማርሽ ቀንሰህ ቀስ ብለህ መውጣት ነው።

ስልክህን መሪው ላይ ስትሰቅል ንዝረት የሚያበርድ ማሰሪያ ይኑረው። አፕል ራሱ በ2021 እ.ኤ.አ. የሞተርሳይክል ንዝረት ካሜራውን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የጎን መቆሚያውን እግር የምታሰፋዋን ጠፍጣፋ ብረት ግን እኔ አሠራልሃለሁ። ያለሷ ደንቢያ መረሬው ላይ ካቆምሃት ተኝታ ታገኛታለህ።

ቦት ጫማ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ግዛ። ከሁሉም በፊት እሱን ግዛ። ለዚህ ብር ካነሰህ ንገረኝ፣ እኔ አለሁ።

እግሬ ድኗል፤ ብርድ ሲሆን ብቻ ትንሽ ያስታውሰኛል። አንዱን ሳጥን እናትህ ወስደው በርበሬ ያስቀምጡበታል፤ አይጥ አይገባውም ብለው በጣም ወደውታል። ሁለተኛው መፍቻዬን ይዞ ቤቴ ተቀምጧል። ስትመጣ ለሆንዳዬ ሁለት ባለ 21 ከመነዳሪ አምጣልኝ፣ እዚህ ፈልጌ አጣሁ።

አባይን ስትሻገር ደውልልኝ። ማክሰኚት ድረስ ወጥቼ እጠብቅሃለሁ።

ወንድምህ