ፕሪም ብላችሁ ያወጣችሁት ፎቶ የኮክ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ደጋ ፍራፍሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሆኜ አነበብኩት። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ገበሬው ከባሕር ዛፍ ሌላ የሚተክለው ነገር ቢያገኝ ማን ይጠላል! ግን «የፕሪም ማሳ» ተብሎ የወጣው ፎቶ የፕሪም አይደለም፣ የኮክ ነው። ቅጠሉ ረጅምና ቀጭን ነው፣ ፍሬው ደግሞ አንገት የሌለው ይመስል ቅርንጫፉ ላይ ልጥፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ፕሪም አጭርም ብትሆን ዘንግ አላት፣ ቅጠሉም ሰፋ ያለ ሞላላ ነው።

ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ይኖራል። የሚያስጨንቀኝ ችግኝ የሚገዛው ሰው ነው። እኛ አካባቢ ችግኝ ሲሸጥ «ፕሪም ነው» ይባላል፣ በቃ። የትኛው ፕሪም? በምን ሥር ላይ የተዳቀለ? የሚመልስ የለም። ሰውዬው ገዝቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፍግ ጨምሮ፣ ከከብት አጥሮ ዓመታት ይጠብቃል። ከዚያ ዛፉ አበባ ብቻ ያወጣና ያራግፈዋል፣ አለዚያም ጭራሽ ኮክ ያፈራል። «ፕሪሜ ኮክ ሆነብኝ» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ከመሬቱ ነው ይላል፣ አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው ይላል።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው፣ ታች ሥሩ የአንዱ፣ ላይ የሚያፈራው የሌላው። ፕሪም ብዙ ጊዜ የሚዳቀለው በኮክ ሥር ላይ ወይም ማይሮባላን በሚባለው ፍሬው ትንንሽ በሆነ የፕሪም ዘመድ ሥር ላይ ነው። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብላችሁ ብትዳስሱት አበጥ ወይም ጠመም ያለ ቦታ ታገኛላችሁ፤ መገጣጠሚያው እሱ ነው። ከሱ በታች የበቀለ ቅርንጫፍ የሥሩ ልጅ ነው። ዝም ከተባለ ጉልበቱን ሁሉ እሱ ይስብና የላይኛው እየጫጨ ይሄዳል፣ ባለቤቱም ሳያውቀው ኮክ ሲያሳድግ ይኖራል። ስለዚህ ከመገጣጠሚያው በታች ብቅ ያለውን ሁሉ ገና ለጋ ሳለ ማንሳት ነው። ይህን አንድ ነገር ለገዢው የሚነግረው ሰው ቢኖር ስንት ዛፍ በዳነ ነበር።

አሁን ወደ መለየቱ ልግባ። ፕሪም፣ ኮክ፣ አፕሪኮት፣ ቼሪ፣ አልመንድ ሁሉም ፕሩነስ የሚባል የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ወገኑ ደግሞ የጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ነው። የእኛው ቀጋ፣ እንጆሪና ኮሶም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ አሉ። መለያው እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ፕሪም ልጣጩ ልሙጥ ሲሆን ላዩ ላይ በጣት ሲጠረግ የሚለቅ ነጣ ያለ አቧራ መሳይ ሰም አለው። ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ፣ ፍሬው ራሱ የሚያወጣው ነው፤ ያልተነካካ ትኩስ ፍሬ መሆኑንም ያሳያል። ኮክ ፀጉራም ነው። ፍሬውን በልታችሁ ድንጋዩን፣ ማለትም መሃል ላይ ያለውን ጠንካራ ክፍል፣ ስታዩት ደግሞ ክርክር የለም፦ የኮክ በቦይና በጉድጓድ የተቦረቦረ ነው፣ የፕሪም ግን ጠፍጠፍ ያለና ለስለስ ያለ ነው። አፕሪኮት ስስ ፀጉር አለው፣ ቅጠሉ ክብ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፣ ድንጋዩ ከሥጋው ያለ ችግር ይላቀቃል። ቼሪ ዘንጉ ረጅም ነው፣ ድንጋዩ ክብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኔክታሪን ላይ ነው። ልሙጥና ቀይ ስለሆነ ትልቅ ፕሪም ይመስላል። ኔክታሪን ግን ፀጉር የሌለው ኮክ ነው፣ ልዩነታቸው የአንድ ባሕርይ ጉዳይ ነው። እንዲያውም የኮክ ዛፍ አንዳንዴ አንድ ቅርንጫፉ ብቻ ኔክታሪን ያፈራል። ስትጠራጠሩ ድንጋዩን እዩት።

ፕሪም ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም፣ ጽሑፋችሁ ላይ የጎደለው ትልቁ ነገርም ይኸው ነው። የአውሮፓው ፕሪም ሞላላ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ቀለም አለው፣ ሥጋው ጠጠር ያለና ስኳሩ የበዛ ስለሆነ ደርቆ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ጥቁር ደረቅ ፕሪም ከሱ የሚሠራ ነው። የጃፓኑ ፕሪም ክብ ወይም የልብ ቅርጽ ያለው፣ ቀይ ወይም ቢጫ፣ ሲነከስ ጭማቂው አገጭ ላይ የሚወርድ ነው። ጃፓን ይባል እንጂ አገሩ ቻይና ነው። ሉተር በርባንክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ችግኙን ከጃፓን አስመጥቶ ካሊፎርኒያ ውስጥ አንዱን ከሌላው እያዳቀለ አዲስ ዝርያ ማውጣት ጀመረ፤ በ1906 ያወጣው ሳንታ ሮዛ የሚባለው ፕሪም እስከ ዛሬ ይተከላል።

ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ብዙ ያደርጋል። እነዚህ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈው የሚተኙበት ብርድ ይፈልጋሉ፣ ካላገኙ በደንብ አይነቁም፣ አበባቸውም ይዘበራረቃል። የአውሮፓው የሚፈልገው ብርድ ብዙ ነው፣ ከጃፓኑ ወገን ግን በጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች አሉ። ስለዚህ ብርዳሙ ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ገበሬና ሞቅ የሚለው ፍኖተ ሰላም ያለ ገበሬ አንድ ችግኝ ሊሰጣቸው አይገባም። ሌላም አለ። ኮክ ብዙውን ጊዜ ብቻውን ያፈራል። የጃፓኑ ፕሪም ግን አብዛኛው በራሱ የአበባ ብናኝ ፍሬ አይዝም፣ አጠገቡ በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ ይፈልጋል። አንዲት ፕሪም ጓሮው ተክሎ «መካን ናት» ብሎ የቆረጠ ሰው ምናልባት የጎደለው ጎረቤት ዛፍ ብቻ ነበር። ሁለቱም አንድ ዝርያ ከሆኑም አይረዳዱም። ለዚህ ነው ችግኝ ላይ የዝርያው ስም ይጻፍ እያልኩ የምጨቀጭቀው።

ደግሞ ስለ ዱር ፍሬዎቻችን። ጽሑፋችሁ እንኮይን «የአገራችን ፕሪም» ብሎታል። እንኮይ ጣፋጭ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፣ ግን ከፕሪም ጋር ዝምድና የለውም። ጭራሽ ሥሩን ሌሎች ዛፎች ሥር ላይ ሰክቶ ከነሱ የሚጠባ ተክል ነው፣ ማሳ ውስጥ እንደ ፕሪም በመስመር ትከሉት ቢባል አያዋጣም። ኮሽምም አይደለም፣ ስትከፍቱት በአንድ ድንጋይ ፋንታ ብዙ ዘር ታገኛላችሁ። ዶቅማ አንድ ዘር ስላለው ያሳስታል፣ ዘመዶቹ ግን ዘይቱንና ባሕር ዛፍ ናቸው። ወሽመላ የዱር ፍሬ ባይሆንም እሱም ወደ ፖም ይጠጋል።

እውነተኛው የአገራችን የፕሪም ዘመድ ጥቁር እንጨት ነው። በሳይንስ ስሙ ፕሩነስ አፍሪካና ይባላል፣ ስለሱ ግን አንድ መስመር አልጻፋችሁም። በየቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ቅርፊቱ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይራገፍ ረጅም ዛፍ አይታችሁ ይሆናል። ቅጠሉ ከቅርንጫፉ የሚያያዝባት ዘንግ ቀላ ትላለች። አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ በመዳፋችሁ እሹና አሽትቱት፣ የኮክ ድንጋይ ተሰብሮ ውስጡ ያለው ፍሬ የሚሸተውን ዓይነት ሽታ ታገኛላችሁ። ሁለቱም ውስጥ ያለው መራራ ነገር አንድ ወገን ነው፣ ሲበዛም መርዝ ነው፣ ስለዚህ ልጆች የኮክና የፕሪም ድንጋይ እየሰበሩ ውስጡን እንዳይበሉ ተቆጧቸው። የጥቁር እንጨት ፍሬ ትንሽና መራራ ስለሆነ ለወፍ እንጂ ለሰው አይሆንም።

ቅርፊቱ ግን ለሰው ሆኗል። የወንዶች ፕሮስቴት እጢ ሲያብጥ ለሚሰጥ መድኃኒት ስለሚፈለግ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ዛፉ እየተላጠ ተመናምኗል። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮም ዓለም አቀፍ ንግዱ ሳይተስ በሚባለው፣ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ስምምነት ሥር ነው። እኛ ጋ የሚቆረጠው ለጣውላና ለማገዶ ነው፣ ቆራጩም ምን እየቆረጠ እንደሆነ አያውቅም።

የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። የፎቶውን መግለጫ በሚቀጥለው እትም አርሙት፣ ብዙ ሰው ቆርጦ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ስለ ጥቁር እንጨት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጡ። ስታወጡ ይህን እንዳትረሱ፦ ዘሩ ተቀምጦ የሚቆይ አይደለም፣ ፍሬው በስሎ እንደወደቀ ቶሎ ካልተዘራ አይበቅልም። ችግኝ ጣቢያዎች ዘሩን ለከርሞ ብለው ጆንያ ውስጥ ባያስቀምጡት።

አክባሪያችሁ
ከደብረ ማርቆስ