ከኅዳር በሽታ እስከ ቃጭል ቀሚስ፦ የባህል ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በኅዳር ነው። በቅዳሜ የአማርኛ ክፍላችን ስለ «ኅዳር ሲታጠን» እያወራን ነበር። በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው የኅዳር በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እንደሆነ ስነግራቸው፣ አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ «እዚህ ሚኒሶታስ?» ብላ ጠየቀች። ዓመቱን ሙሉ ያሠራን ይህ ጥያቄ ነው።

ከእኛ በስተሰሜን፣ በሚል ላክስ ሐይቅ ዙሪያ፣ ኦጂብዌዎች ይኖራሉ። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆነው የአኒሺናቤ አካል ናቸው። እዚያ እንደሚተረከው፣ ወረርሽኙ በገባበት ዘመን አንዲት ልጅ በጠና ታመመች። አባቷ በሕልሙ ቀሚስና ጭፈራ አየ። ቀሚሱ ተሠፋላት። ልጅቷ ለብሳው በደከመ እግሯ መራመድ ጀመረች፤ እየበረታች ሄዳ ከሌሎቹ ሴቶች ጋር ጨፈረች። ቃጭል ቀሚስና ጭፈራው የመጡት ከዚያ ነው ይባላል፤ በካናዳ የዋይትፊሽ ቤይ ኦጂብዌዎችም ጅማሬው ከእኛ ነው ይላሉ።

በቀሚሱ ላይ የተደረደሩት ሾጣጣ ቆርቆሮዎች ድሮ ከትምባሆ ጣሳ ክዳን ይጠቀለሉ ነበር። ሲራመዱ እየተጋጩ ያቃጭላሉ። እርምጃው ዝግ ያለ ነው፤ እግር ከመሬት ብዙ አይርቅም። ፈውስ የሚሻ ሰው ትምባሆ ይዞ ጨፋሪዋን «ጨፍሪልኝ» ብሎ ይለምናል። ትምባሆ እዚያ ትልቅ ክብር ያለው ስጦታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1883 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የነባር ሕዝቦችን ሥርዓተ ጭፈራ እንደ ጥፋት ይቆጥር ነበር። ቀሚሱ በዚያ ክልከላ መሃል መስፋፋቱ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ልጆቹ ለዓመቱ መዝጊያ ቀሚሱን ሠርተን እንልበስ አሉ። አይሆንም አልኳቸው። ታቦት ማንም ተነስቶ እንደማይሸከመው ሁሉ፣ ለታመመ ሰው የሚጨፈር ጸሎትም የመድረክ ማድመቂያ አይሆንም። ጥቂቶቹ ቅር አላቸው፤ ኋላ ግን ገባቸው።

የዶቃ ሥራውን ያሳየችን አንዲት የኦጂብዌ ባለሙያ ናት። አበባና ቅጠል ትሠራለች። በሁለት መርፌ ነው፦ አንዱ ዶቃውን ይሰካል፣ ሌላው ክሩን ከጨርቁ ጋር ይሰፋል። የመስታወት ዶቃ ከአውሮፓ ነጋዴዎች ከመምጣቱ በፊት በጃርት እሾህ ያስጌጡ ነበር። ሁሌ ስልክ ከእጃቸው የማይጠፋ ልጆች አንዲት ቅጠል ለመጨረስ ረጅም ሰዓት አቀርቅረው ሲሠሩ አየሁ። እሷም እየሠራች ስለ አያቷ ታወራላቸው ነበር። ለእኔ ፈውሱ ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ሰው ብቻውን አይተውም።

የኦጂብዌዎች ተረት ጀግና የሆነውን የናናቦዞን ተረቶች የሰማነው በጥር ነው። እነዚህ ተረቶች የሚነገሩት መሬት ላይ በረዶ ሳለ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራማችንን ለበረዶው ወቅት አስተካከልን። ልጆቻችንም በተራቸው «ተረት ተረት» ብለው፣ ተረቶቹን የነገረችንን እንግዳ «የላም በረት» ማለት አስተማሯት። በጣም ሳቅን።

ለመጪው ዓመት ስለ ኅዳር በሽታ ከአያቶች የተሰማ ነገር እንሰበስባለን። ወላጆች፣ አገር ቤት ስትደውሉ ጠይቁልን፤ ከተፈቀደላችሁም ድምፁን ቅዱልን።