ከሌላ ቦታ የገዛችሁትን ሶኬት ፍላሽ ማድረግ ለምን አቆምኩ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከመስከረም ጀምሮ ከእኛ ሱቅ ያልተገዛ ስማርት (በስልክ የሚታዘዝ) ሶኬትም ሆነ ማብሪያ ማጥፊያ ፍላሽ አናደርግም፣ ማለትም የፋብሪካውን ፕሮግራም አጥፍተን ሌላ አንጭንም፣ ብለን በር ላይ ለጥፈናል። ወረቀቱ ሁለት መስመር ነበር። ምክንያቱን አልጻፍኩበትም። ከዚያ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። «ዕቃችሁን ለመሸጥ ነው» ያላችሁኝ አላችሁ። «ስታድጉ ረሳችሁን» ያላችሁኝም አላችሁ። አንድ የድሮ ደንበኛዬ ደግሞ ከአዳማ ስድስት ሶኬት ይዞ መጥቶ እንደያዘ ተመልሷል። እሱ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ከረጢቱን አንስቶ ወጣ። ከሁሉም በላይ ውስጤ የቀረው የእሱ ዝምታ ነው።

ቀድሜ ሳልነግራችሁ በመጀመሬ ይቅርታ አድርጉልኝ። ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ መስጠት ነበረብኝ። ውሳኔውን ግን አልመልሰውም። ለምን እንደሆነ ደግሞ በደንብ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ስስት ነው መባሉ አሞኛል።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ሱቅ ከፍቼ አይደለም። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ መቆየቱን ታስታውሳላችሁ። የእናቴ ቤት የውሃ ፓምፕ ያኔ በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ላይ ነበር፤ እኔው ነኝ የገዛሁላት። ከሳሎን ሆና «አብራ» ስትለው ትዕዛዙ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ደርሶ ነው ጓሮ የሚመለሰው። ኢንተርኔቱ ሲጠፋ ፓምፑ እሷን መስማት አቆመ። በዚያ ጉልበቷ ደረጃ እየወረደች በእጇ ስትጫን ሰነበተች። ኢንተርኔት እንደተመለሰ ቁጭ ብዬ ስፈልግ ቴዎ አሬንድስ የተባለ ሆላንዳዊ የጀመረውን ታስሞታ የሚባል ነፃ ፈርምዌር፣ ማለትም ዕቃውን ከውስጥ የሚያዝ ፕሮግራም፣ አገኘሁ። ፋብሪካው የጫነውን አጥፍታችሁ እሱን ስትጭኑበት ሶኬቱ የሚሰማው የቤታችሁን ዋይፋይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሠራል። የእናቴ ፓምፕ እስከ ዛሬ በዚያው ነው የሚሠራው።

ያን ጊዜ ሥራው ቀላል ነበር። ሶኬቱን ስትከፍቱት ውስጡ ኢኤስፒ 8266 የሚባለው ቺፕ ነው። ከግድግዳ ነቅሎ፣ ትንንሽ ሽቦዎች በይዶ፣ 3.3 ቮልት ሰጥቶ፣ አንዷን እግር ግራውንድ አስነክቶ ማስነሳት ነው፤ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። በኋላ ደግሞ ቱያ ኮንቨርት የሚባል ፕሮግራም አገኘሁና ሳይከፈትም በዋይፋይ ብቻ መጫን ተቻለ። ማንም የትም የገዛውን ይዞ ይመጣ ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ እቀበል ነበር። ብዙዎቻችሁን የተዋወቅኳችሁ እንደዚያ ነው።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። ፋብሪካዎቹ ሳንከፍት በዋይፋይ የምንገባባትን ቀዳዳ ደፈኑ። ቀጥሎ ቺፑን ራሱን ቀየሩት፤ አሁን በብዛት የሚመጣው ቤከን የሚባለው ነው። ታስሞታ እሱ ላይ አይሠራም። ክፋቱ ደግሞ ካርቶኑም፣ ቀለሙም፣ የሞዴል ቁጥሩም ያው መሆኑ ነው። ባለፈው ዓመት ያመጣችሁትና ዘንድሮ ያመጣችሁት መንታ ይመስላሉ፣ ውስጣቸው ግን አይተዋወቅም። ለቤከን ኦፕን ቤከን የሚባል አለ፣ ጥሩ ነው፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን የትኛው የቺፑ እግር ከሪሌዩ (ኤሌክትሪኩን ከሚያገናኘውና ከሚያቋርጠው ክፍል)፣ የትኛው ከመብራቷ፣ የትኛው ከቁልፏ ጋር እንደተያያዘ ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው መፈለግ አለበት። የዱሮው የአሥር ደቂቃ ሥራ አንዳንዴ ግማሽ ቀን ይበላል። የምትከፍሉኝ ግን ያው 350 ብር ነበር።

እሱንም ችዬ ነበር። ያልቻልኩት ሌላ ነው። የአሁኖቹ ሶኬቶች ክዳናቸው በብሎን አይያዝም፤ ተጣብቆ ነው የሚመጣው። ሲከፈት ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ሶኬት ላይ 220 ቮልት አለ። ልጅ ያለበት ቤት ነው የምመልሰው። አጣብቄ ሳስረክብ ማታ ተኝቼ ስለዚያ ሶኬት አስባለሁ። ባለፈው ጥር ብቻ አራት ሶኬት እጄ ላይ ተበላሽቶ አራቱንም ከራሴ መደርደሪያ አውጥቼ ተክቻለሁ። አንዱ ላይ 16 አምፒር ተብሎ ተጽፎበታል፤ ስከፍተው ሪሌዩ 10 ነው የሚለው። ባለቤቱ ቦይለር ሊሰካበት ነበር።

ከአሜሪካ ለወላጆቻችሁ የላካችሁትም አለ። እባካችሁ ከመላካችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። እዚያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠሩ ናቸው። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ፈርምዌር ይህን አያስተካክለውም። አንዲት እናት «ልጄ ከቨርጂኒያ ልኮልኝ እንዴት አይሆንም ትለኛለህ» ብለው አዝነውብኛል። ልጃቸውን ያቃለልኩ መስሏቸው ነበር። ቢሰኩት ይቃጠል ነበር፣ እኔ ያሰብኩት እሱን ነው።

ስለ ዋጋም ላንሳ፣ የተወራበት ስለሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጡ ሲታወጅ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ ከዚያም በኋላ አልቆመም። የሶኬቱ ዋጋ በብር ስንት እንደደረሰ እናንተም ታውቁታላችሁ። ኪራይም ሁለት ጊዜ ጨምሮብኛል። በዚህ ሁሉ መሀል የእናንተን ዕቃ አበላሽቼ በአዲስ ስተካ የማወጣው ከየትም አይመጣም፣ ከሁለቱ ልጆች ደመወዝ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ከእኔ ጋር አምስት ዓመት ቆይተዋል። እነሱን ይዤ መቀጠል እፈልጋለሁ።

የእኛን ዕቃ ግዙ የምለው ውስጡን ስለማውቀው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ከአንድ ምድብ በዛ አድርገን እናስመጣለን፣ አንዱን ከፍቼ አየዋለሁ፣ ሪሌዩን፣ ሽቦውን፣ ቺፑን። የፍጆታ ቆጣሪ ያላቸውን ደግሞ ዋቱ በሚታወቅ ዕቃ አስተካክላቸዋለሁ። ያኔ «ይህን ቦይለር ላይ ሰኩት» ስላችሁ አፌን ሞልቼ ነው። ለኤሌክትሪክ ምጣድ ግን አሁንም አልሸጥም። 10 አምፒር ማለት 2200 ዋት ነው፤ ምጣድ 3500 እና ከዚያም በላይ ይስባል። ሁለት እጥፍ እንከፍላለን ያላችሁኝን ሳይቀር መልሻለሁ፣ ወደፊትም እመልሳለሁ።

ታማኝነት ከተነሳ ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ታስሞታ መብራት በፍጥነት ደጋግሞ ጠፍቶ ሲመጣ፣ በሰባተኛው ላይ ባለቤቱ ሆን ብሎ ያደረገው መስሎት ሴቲንጉን ሁሉ ያጠፋል፤ ዋይፋዩንም ይረሳል። ለእኛ አገር መብራት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገምቱ። በመጀመሪያው ክረምት ብልጭ ድርግም ሲል ስንት ቤት ሶኬት አብሮ ጠፋ። ምክንያቱን እስክደርስበት ድረስ ከአያት እስከ ጀሞ ቤት ለቤት ዞሬ በነፃ አስተካክያለሁ። መፍትሔው አንዲት ትዕዛዝ ነበረች፣ ሴትኦፕሽን 65ን 1 ማድረግ። ከዚያ ወዲህ እሷን ሳልጽፍ አንድም ሶኬት ከሱቄ አልወጣም። ቦይለር ላይ ለሚሰኩት ደግሞ መብራት ሲመለስ ጠፍተው እንዲነሱ አደርጋቸዋለሁ፣ ማንም ቤት በሌለበት ውሃ እንዳይፈላ። እነዚህን ስሠራ ማንንም ሳንቲም አልጠየቅኩም። ያንን ሳስብ ነው «ረሳችሁን» የሚለው የሚከብደኝ።

እስከ ዛሬ ፍላሽ ያደረግኩላችሁ ዕቃ የትም ይገዛ የት፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ሴቲንጉ ቢጠፋ፣ ራውተር ብትቀይሩ፣ ቤት ብትለቁ ደውሉ። ክፍያ የለውም። የእያንዳንዳችሁ የሴቲንግ ፋይል እኔ ጋ ተቀምጧል፤ የፈለገ ፍላሽ ዲስክ ይዞ መጥቶ ይውሰድ፣ የይለፍ ቃሉንም ጭምር። ዕቃው የእናንተ ነው፣ እኔ ላይ ጥገኛ እንድትሆኑ አልፈልግም።

ከሌላ ቦታ ለገዛችሁት ደግሞ ይህን አስቤያለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የሥራ ጠረጴዛዬን እለቅላችኋለሁ። ዕቃችሁን ራሳችሁ ትከፍታላችሁ፣ እኔ አጠገባችሁ ቆሜ አሳያችኋለሁ። ቢሰነጠቅ የእናንተ ነው፣ ቢሠራም የእናንተ ነው። ገንዘብ አልቀበልም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሽቦው ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ እያለ ግድግዳ ላይ የሚሰካ ሰው ጠረጴዛዬ ላይ አይቀመጥም፤ ሰውም ኮምፒውተርም ይገድላል።

ከወረቀቱ በፊት ያስቀመጣችኋቸው አምስት ሶኬቶች አልተነኩም፣ በየስማችሁ ፖስታ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አሉ። የአዳማው ወንድሜ፣ ይህ ከደረሰህ ስድስቱን ይዘህ ቅዳሜ ና። ምሳ ሳትበላ ና፣ አብረን እንበላለን።

የሱቁ ባለቤት
መገናኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ