ለጆኒ ሴክስተንና ለደብሊን ወዳጆቼ የቀረበ የምስጋና መልእክት

የተከበሩ ጆኒ ሴክስተን፣

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በስታድ ደ ፍራንስ ስታዲየም የሆነውን ሁሉም ስላየው ወደ ዝርዝሩ አልገባም። እርስዎ በአምበልነት የመሩት፣ በተከታታይ 17 ጨዋታ ያሸነፈው የአየርላንድ የራግቢ ቡድን በኒውዚላንድ 28 ለ 24 ተረትቶ ከዓለም ዋንጫው ሩብ ፍጻሜ ሲሰናበት፣ የእርስዎም የተጫዋችነት ዘመን በዚያው ፊሽካ አብሮ አበቃ። ይህን የምጽፈው አማርኛ ያነባሉ ብዬ አይደለም፤ ደብሊን ውስጥ ራግቢን በእርስዎ በኩል ያወቅን ኢትዮጵያውያን ስላለን፣ ውለታዎ በእኛም ቋንቋ ተጽፎ እንዲገኝ ስለፈለግሁ ነው።

ብዙዎች የሚያመሰግኑዎት እ.ኤ.አ. በ2018 ፓሪስ ላይ ስለመቷት ኳስ ነው። መደበኛው ሰዓት አልቆ፣ አየርላንድ 13 ለ 12 እየተመራች፣ ቡድኑ 41 ጊዜ እየተጠለፈና እየወደቀ ኳሷን ሳያስነጥቅ ከገፋ በኋላ፣ ከ40 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆነው በሁለቱ ቋሚዎች መካከል አሳለፏት፤ የዚያ ዓመት ግራንድ ስላምም (በስድስቱ አገሮች ውድድር ሁሉንም ጨዋታ የማሸነፍ ክብር) ከዚያች ምት ተጀመረ። እኔ ግን በዚያው ጥቃት መካከል ለኪት ኧርልስ በአየር ላይ ያሻገሯት ኳስ ትበልጥብኛለች፤ አንዲት ስሕተት ሁሉን ነገር በምትጨርስበት ደቂቃ ኳስን ከእጅ አውጥቶ ወደ መስመር ዳር ለመላክ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል።

ከሁሉ አብልጬ የማመሰግንዎት ግን ስለ ካርዲፍ ነው። በ2011 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ የደብሊኑ ክለብዎ ሌንስተር በኖርዛምፕተን 22 ለ 6 ተመርቶ ለዕረፍት ሲገባ፣ መልበሻ ክፍል ውስጥ ተነሥተው ሊቨርፑል በ2005 ኢስታንቡል ላይ ያደረገውን ለጓደኞችዎ እንዳስታወሱ ብዙ ተነግሯል። ራግቢ የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቅ የአገሬ ሰው እንኳ የኢስታንቡሉን ሌሊት አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ፣ እርስዎን ለወገኖቼ ሳስተዋውቅ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው። ንግግሩንም ሌላ ሰው እንዲፈጽምልዎት አልጠበቁም፤ ሌንስተር 33 ለ 22 ሲያሸንፍ ከ33ቱ ነጥብ 28ቱ፣ ሁለት ትራይን (ኳስን ከተጋጣሚ የግብ መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካትን) ጨምሮ፣ የእርስዎ ነበር።

ስለ ቁጣዎም ላመስግንዎት፤ ይህ ለአንዳንዱ እንግዳ ምስጋና ይመስለው ይሆናል። በ2009 በደብሊኑ ክሮክ ፓርክ ሌንስተር ከተቀናቃኙ ክለብ ከሙንስተር ሲጫወት፣ ከ82 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት፣ በተጎዳው በፌሊፔ ኮንቴፖሚ ምትክ ገብተው የመጀመሪያ ሥራዎ ቅጣት ምት መምታት ነበር፤ ኳሷም ገባች። በዚያው ጨዋታ መሬት ላይ በወደቀው በሙንስተሩ ተጫዋች በሮናን ኦጋራ ራስ ላይ ቆመው የጮኹት ጩኸት ፎቶግራፉ እስከ ዛሬ አለ። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሁለታችሁ ፓሪስ ውስጥ በአንድ ክለብ፣ እርስዎ ተጫዋች እርሱ አሠልጣኝ ሆናችሁ ሠራችሁ፤ በ2023 ደግሞ እርሱ ለአየርላንድ ያስቆጠረውን የ1,083 ነጥብ ክብረ ወሰን አልፈው በ118 ጨዋታ 1,108 ላይ አቆሙ። ከዳኞች ጋር ባለመስማማትዎ በዚያው ዓመት የደረሰብዎትን የ3 ጨዋታ ቅጣት እኔም ተገቢ ነበር ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ያ ለሌላው የማይራራ ቁጣ መጀመሪያ የሚበላው ራስዎን እንደነበር ጨዋታዎን የተከታተለ ሁሉ ያውቃል። በ37 ዓመትዎ፣ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በገዛ ከተማዎ እንግሊዝን 29 ለ 16 አሸንፈው አየርላንድ ለመጀመሪያ ጊዜ ደብሊን ላይ ግራንድ ስላም ስታረጋግጥ ያየሁት ፊትዎ ግን…

ይቅርታ፣ ሐሳቤ ተቋረጠ። ለአሠልጣኞቹ ለጆ ሽሚትና ለአንዲ ፋረል፣ ለቡድን ጓደኞችዎ በሙሉ፣ እንዲሁም በ2014 ጭንቅላትዎ በተደጋጋሚ በመመታቱ ለ12 ሳምንት ከሜዳ ላራቁዎት ሐኪሞች ምስጋናዬ ይድረስ።

በመጨረሻም ለጎረቤቴ። የሙንስተር ተወላጅ የሆኑት እኚህ አባት፣ ኳስ ወደ ኋላ ብቻ እየተቀባበሉ እንዴት ወደ ፊት እንደሚኬድ በሻይ ማንኪያና በስኳር ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እየደረደሩ ያስረዱኝ ባይኖሩ፣ ከላይ ከጻፍሁት አንዱንም ባልጻፍሁ ነበር። በየጨዋታው ቤታቸውን የከፈቱልኝን ሌሎች ወዳጆቼን በስም ባለመጥራቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ቦታ አጥሮኝ እንጂ ውለታቸው ጠፍቶኝ አይደለም። አባቴ፣ ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ኦጋራ ይበልጣል የሚለውን ክርክርዎን ግን አሁንም አልቀበልም።

ከአክብሮት ጋር፣
በደብሊን ነዋሪ የሆነ የሌንስተር ደጋፊ