«ብቻ» የምትለዋን ቃል ማን ጨመራት?

ውድ አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ የጡረታ ገንዘብና ታክስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ያነበብኩት ከሌሊት ሺፍት ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። በ50 ዓመታቸው ሥራ ሲለቁ ያለ ቅጣት ገንዘባቸውን ማውጣት የሚችሉት «ፖሊሶችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ብቻ» ናቸው ብላችኋል። ያቺን «ብቻ» የጨመራትን ሰው ባገኘው ቡና ጠርቼ አነጋግረው ነበር።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ በካውንቲ እስር ቤት 17 ዓመት የሠራሁ ኮሬክሽን ኦፊሰር ነኝ። ለቅሶ ቤት «ያው ጥበቃ ነሽ አይደል?» ይሉኛል። ፓርኪንግ የምጠብቅ ይመስላቸዋል። (ፓርኪንግ ነውር የለውም። እኔም እንደመጣሁ ሠርቼበታለሁ።) አሁን ደግሞ እናንተ ከነጭራሹ ሰረዛችሁኝ።

ይህ የ50 ዓመት ሕግ በ2006 (በፈረንጆቹ) ሲወጣ የስቴትና የአካባቢ መንግሥት ፖሊሶችን፣ እሳት አደጋንና የአምቡላንስ ሕክምና ሠራተኞችን ያቅፍ ነበር። ስለዚህ ያኔም «ብቻ» ልክ አልነበረችም። በ2015 የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች፣ የጉምሩክና ድንበር ጠባቂዎች፣ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ተጨመሩ። በ2022 መጨረሻ ሴኪዩር 2.0 የሚባለው ሕግ እኛን የስቴትና የካውንቲ እስር ቤት ሠራተኞችን አስገባ። 50 ሳይሞላው 25 ዓመት ያገለገለም ሰው ተፈቀደለት። የግል ድርጅት እሳት አደጋ ሠራተኛ ሳይቀር ገብቷል። እናንተ ጋ ሳይደርስ የቀረው በየትኛው ፖስታ ነው?

«ከታክስ ነፃ» ያላችሁትም አይደለም። የሚነሳው ገንዘቡን ያለጊዜው በሚያወጣ ሰው ላይ የሚጣለው 10 በመቶ ቅጣት ነው። 40,000 ዶላር ያወጣ ሰው 4,000 ዶላር ቅጣት ይቀርለታል፤ መደበኛውን የገቢ ታክስ ግን ይከፍላል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በ51 ዓመቷ ለቅቃ፣ ሰው መክሯት ገንዘቧን በሙሉ አይ.አር.ኤ ወደሚባለው የግል የጡረታ ሂሳብ አዛወረች። ከዚያ ሲወጣ የ50 ዓመቱ ሕግ አይሠራም። ሌላ የተፈቀደ ምክንያት ከሌላት እስከ 59 ዓመት ተኩል መጠበቅ ነው። ጽሑፋችሁ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ለፎቶው ግን ግማሽ ገጽ ነበራችሁ።

እንግዲህ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ ማረሚያ ስትጠይቃችሁ አይክፋችሁ። ስታወጡት ደግሞ ከስፖርቱ ሥር በደቃቅ ፊደል እንዳይሆን። የእናንተን ጽሑፍ ይዘው ታክስ ሊያሠሩ የሚሄዱ ሰዎች አሉ፤ ሁለቱ እኔው ሺፍት ላይ ናቸው።

አንባቢያችሁ
ከሜሪላንድ