ይድረስ ለአባባ፣ ደብረ ዘይት

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን። ደብዳቤውን ለፋሲካ የምትመጣ የሰፈራችን ሴት ታደርስልዎታለች። የደም ግፊት መለኪያና ሁለት ሹራብም ይዛለች። መለኪያው ክንድ ላይ የሚጠለቅ ነው፤ ጠዋት መድኃኒትዎን ከመዋጥዎ በፊት ይለኩ፣ እህቴም ቁጥሩን ትመዝግበው።

መታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ መውደቅዎን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ለምን ይደብቁኛል? ለዚያ ደፍ መያዣ ብረት ይገጠም ብዬ አምና የላኩት ገንዘብ ለሌላ ዋለ ተባልኩ። ዘንድሮ ግን ይገጠም፣ በእናቴ ነፍስ ይዤዎታለሁ።

ልጆቹ አድገዋል። ትንሿ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት፤ አማርኛዋ ከወንድሟ ይሻላል፣ ሽሮ ካልቀረበላትም አትበላም። ትልቁ ሁለት የፊት ጥርሶቹ ወልቀዋል። በመስከረም ሰባት ሞላው። ሰባት።

አንድ ነገር ላማክርዎ ነው የጻፍኩት። ባለቤቴ ግቢያችን ውስጥ መዋኛ ገንዳ እናሠራ ብሏል። እዚህ ጋርላንድ፣ ቴክሳስ፣ በበጋ ሙቀቱ ከ38 ዲግሪ ያልፋል፤ ልጆቹ ቤት ተዘግተው ይውላሉ፣ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ገንዳ አላቸው። ኮንትራክተሩ መጥቶ ለካ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 5፣ ጥልቀቱ ከ1 ሜትር ተነስቶ 2 ይደርሳል። ውሃው 75,000 ሊትር ነው፤ 10,000 ሊትር የምትጭን ቦቴ ሰባት ጊዜ ተመላልሳ አትሞላውም። ክብደቱ 75 ቶን መሆኑ ነው።

አፈሩ ደግሞ መረሬ ነው፣ አባባ። ልክ እንደ አዳ መረሬ ጥቁር፣ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ። አካባቢው ራሱ ብላክላንድ ይባላል፣ ጥቁር ምድር ማለት ነው። ኮንትራክተሩ ፌሮ አስሬ ኮንክሪት እረጭበታለሁ፣ አያሳስብም ይላል። እርስዎ ግን "መረሬ ላይ የሠራ ሰው ዕድሜ ልኩን ከመሬት ጋር ሲጣላ ይኖራል" ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግኩት። ስንት ወርደው ነበር መረሬውን አውጥተው ገረጋንቲ የሚሞሉት? ውሃ ሥሩ እንዳይገባስ ምን ያደርጉ ነበር? በሲሚንቶ በተላጠው እጅዎ አስተምረውኛል፤ ከእርስዎ በላይ የማምነው ግንበኛ የለኝም።

ፕላኑን ሳየው ደግሞ የወጥ ቤታችን በር በቀጥታ ገንዳው ላይ ይከፈታል። አጥሩ ሦስት ጎን ብቻ ነው፣ አራተኛው የቤታችን ግድግዳ። ባለቤቴን ይህን አልፈርምም አልኩት። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ሕፃናትን እዚህ አገር እንደ መስጠም የሚገድላቸው ነገር የለም። ገንዳውን በአራቱም በኩል ከቤቱ የሚለይ አጥር፣ ግድግዳን እንደ አንድ ጎን ከሚቆጥረው ጋር ሲነጻጸር አደጋውን በ83 ከመቶ ይቀንሰዋል። ከፍታው ቢያንስ 1 ሜትር ከ20፣ በሩ ራሱ የሚዘጋና ራሱ የሚቆለፍ መሆን አለበት። ባለቤቴ "ግቢው ይጠባል፣ አያምርም" ይላል። የሆራን ሐይቅ አያውቀውም።

አባባ፣ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አፌ ተሳሰረ። ከየካቲት ጀምሮ ዋና እየተማርኩ ነው። በ43 ዓመቴ ከሌሎች ሰዎች ልጆች ጋር ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆሜ ፊቴን እነክራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ውሃው ጉልበቴ ሲደርስ ወጥቼ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት አስተማሪያችን ወላጆቹን ሁሉ ሰብስባ አንድ ነገር ነገረችን። የሚሰጥም ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አይጮህም አለች። አይጠራም፣ እጁን አያውለበልብም። አፉ ከውሃ በላይ ብቅ የሚለው ተንፍሶ ለመጣራት አይበቃውም፤ አጠገቡ ያለ ሰው የሚጫወት ሊመስለው ይችላል።

እኔ ወንድሜ የሰጠመ ቀን አሥር እርምጃ ርቄ ልብስ እያጠብኩ ነበር። የእርስዎን የሥራ ቱታ። የሆራ ዳር እንዴት እንደሆነ ያውቃሉ፤ እሳተ ገሞራ የቆፈረው ነው፣ አንድ እርምጃ ቁርጭምጭሚት፣ ቀጥሎ ገደል። ምንም አልሰማሁም። 31 ዓመት ሙሉ "ለምን አልሰማሁም?" እያልኩ ኖሬያለሁ። የሚሰማ ነገር አልነበረም፣ አባባ።

ማታ ለቅሶ ቤቱ ሞልቶ፣ እማማ ነፍሷን ይማርና ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ፣ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ እያለሽ?" አሉኝ። ሁለት ቃል ብቻ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ስለ እሱም አላነሱም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያ ጥያቄ አብሮኝ አውሮፕላን ተሳፍሯል፣ አብሮኝ ወልዷል። የልጄ ስም የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ለዚህም ነው ሰባት ዓመት ሙሉ በስልክ "ልጁ ደህና ነው?" ብቻ የሚሉት። እርስዎም ስሙ እንደሚያቃጥልዎ አውቃለሁና እስካሁን አልወቀስኩዎትም። አሁን ግን ከፋኝ።

ገንዳው ይቅር ካሉኝ ሊቀር ይችላል፤ አጥሩ በአራት ጎን ካልሆነ ግን አይሠራም፣ ይህን ወስኛለሁ። ልጆቹም አጥር ኖረም አልኖረም ዋና ይማራሉ። እኛ ውሃ ዳር እንዳንደርስ ተከልክለን አደግን እንጂ ውሃን አልተማርንም።

የመረሬውን ነገር ለእህቴ ይንገሯት፣ ትጽፍልኛለች። ከፋሲካ በኋላ ባለው እሑድ፣ በእኛ ከቅዳሴ መልስ፣ በእርስዎ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ስልኩን መጀመሪያ ለልጄ እሰጠዋለሁ። በስሙ ይጥሩት።

ልጅዎ