የወንዝ ዳሩ መንገድ ይገጣጠም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ አዲስ አበባ ወንዝ ዳር ልማት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የተሠራውን በደንብ አሳይቷል፤ ያልተገጣጠመውን ግን ዘሎታል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሸገር ፕሮጀክት ዕቅድ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚሸፍን ነበር። መሀል ከተማ ላይ ብዙ ተሠርቷል፣ እሰየው ነው። እኛ ዳር ያለነው ጋ ሲደርስ ግን ንጣፉ ድንገት ያልቃል። ቀጥሎ ጭቃ፣ የፍርስራሽ ክምርና የቆርቆሮ አጥር ነው። ብስክሌት የያዘ ሰው ወይ ተሸክሞት ያልፋል፣ ወይ አስፋልት ወጥቶ ከገልባጭ መኪና ጋር ይጋፋል። አብዛኛው የሚመርጠው መጋፋቱን ነው፤ ተማሪዎች ጭምር። እንዲህ የተቆራረጠ መንገድ ለእሁድ ሽርሽር ይሆን ይሆናል እንጂ ታክሲ ሰልፍ ለሰለቸው ሠራተኛ አይጠቅምም።

ክፍተቶቹ ቆሻሻ መጣያም ሆነዋል። ሰው በማይመላለስበት ቦታ ማን ያያል? የተደፋው ሁሉ በክረምት ጎርፍ ተጠርጎ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል።

ስለዚህ ሌላ ፏፏቴና አደባባይ ከመጨመር በፊት ወረዳው ከነዋሪው ጋር ዳርቻውን በእግር ተጉዞ ክፍተቶቹን ካርታ ላይ ያስፍር። ኮብልስቶኑ ቢዘገይም ለጊዜው ጠጠር ተደልድሎ ይጠቅጠቅ። መሻገሪያ በሌለበት ብስክሌት የሚያሳልፍ የእግረኛ ድልድይ ይሠራ። ጠጠሩ እንኳ ሰኔ ሳይገባ ቢያልቅ ጥሩ ነው።

አንድ አንባቢ፣ ከአቃቂ ቃሊቲ